ዝም የሚለው ስልክ

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ዝጋው» ነው የሚለው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ያንን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አንድም እህቱ ናት፣ አንድም የንግድ ፈቃዱን የሚያድሰው ጸሐፊ። ሥራው ስልክ መጠገን ነው። ሱቁ በመድኃኒት ቤቱና በፀጉር ቤቱ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ስክሪኑ የተሰነጠቀበት፣ ባትሪው ያበጠበት፣ ስልኩ ባልዲ ውስጥ የገባበት ሁሉ ወደዚያች ክፍል ሲመጣ ከጥገናው በፊት ስብከት መስማት ግዴታው ነበር። ጋሽ ዝጋው ስልኩን ይቀበላል፣ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ ይጀምራል። ሎኬሽን በርቷል፤ ለምን? ዝጋው። ብሉቱዝ በርቷል፤ ማንን ትጠብቃለህ? ዝጋው። ይሄ የእጅ ባትሪ ነኝ ባይ አፕ የዘመድ አዝማድህን ቁጥር ምን ሊያደርግለት ይፈልጋል? ዝጋው። ስሙ የወጣለት ከዚህ ነው።

ደንበኛውን ስም አይጠይቅም፤ የራሱንም አይናገርም። ለእያንዳንዱ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ይሰጣል፤ ካርቶኗን ያመጣ ስልኩን ይወስዳል፣ አለቀ። ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ስምህን ለማንም አትስጥ» ብሎ ጽፎ ለጥፏል። አንዳንዱ ደንበኛ ይሄንን አንብቦ ሰውየው ከፖሊስ የሚደበቅ መስሎት ስልኩን መልሶ ተቀብሎ ይወጣ ነበር።

እንዲያው እውነቱን እንናገር ከተባለ ንቀቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው ምን ነካው? ለገዛ ሚስቱ የት እንደዋለ የማይናገር ወንድ፣ የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠና በስንት ሰዓት እንደተነሣ ፊቱን አይቶት ለማያውቅ ኩባንያ በየቀኑ ሪፖርት ያደርጋል። ሃምሳ ገጽ ውል ይቀርብለታል፤ አንዱን መስመር ሳያነብ «እስማማለሁ» የምትለዋን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና ወደ ቀልድ ቪዲዮው ይሄዳል። ጋሽ ዝጋው ይህን ሲያይ ቆሽቱ ያርራል። ከሁሉ አብልጦ የሚያናድደው ግን የዕቃ አድራሹ ድርጅት ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ ስልኩን በየወሩ መሬት ላይ ይጥላል፣ በየወሩ ይመጣል፣ ስብከቱን ሰምቶ ሲያበቃ በየወሩ ያንኑ ይመልሳል። እኔ ምስኪን ሰውዬ ምን የምደብቀው ነገር አለኝ፣ ይላል።

«የምትደብቀው ከሌለህ ሱሪ ለምን ታጠቅህ?» አለው አንድ ቀን ጋሽ ዝጋው። ዘበኛው ስቆ ካርቶኑን ተቀብሎ ሄደ። ምንም አልገባውም።

እንግዲህ እህቱ። ታላቁ ናት፤ «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱ ያልተለወጠ ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ደብተር ገዝታ እዚህ ያደረሰችው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘበኛው በሚጠብቀው በዚያው የዕቃ አድራሽ ድርጅት ውስጥ ቆማ ጥቅል ስትለይ ኖራለች። ይሄ ወደ ምሥራቅ፣ ይሄ ወደ ምዕራብ፣ ይሄ ተሰባሪ፣ ይሄ አድራሻው የተሳሳተ። ጡረታዋ ሊደርስ አሥር ወር ሲቀረው ኩላሊቷ ታመመ።

ለሌላ ሰው ቢሆን መታመም መታመም ነው። እዚያ ድርጅት ውስጥ ግን መታመም ጥፋት ነው። ውሉ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ ደህና ያልሆነ ሰው አይታደስለትም። ሠራተኛው ሁሉ በስልኩ ላይ የመቆጣጠሪያ አፕ እንዲጭን ተገዷል፤ ለሰዓት ፊርማ ነው ይባላል። ባለፈው ዓመት ከእትዬ አጠገብ የምትቆም አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ የልብ ክሊኒክ ሄደች፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ በአራተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው «ለጤናዎ በማሰብ» ይላል። እንዲህ ያለ አሳቢ ድርጅት የት ይገኛል? ለጤናዋ አስበው የሕክምና ካርዷን ቀሟት። ነገሩ ያለው ካርዱ ላይ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ የቆየ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን የእሱ ነው፣ መድኃኒቱም ክትትሉም በካርዱ ይሆናል፤ ማን በምን እንደታመመ ክሊኒኩ ለድርጅቱ አይናገርም። ከዚያ በፊት የተሰናበተ እንደማንኛውም መንገደኛ ነው። እትዬ እነዚያን አሥር ወሮች ድምጿን አጥፍታ መጨረስ ነበረባት፤ መድኃኒቷ እዚያ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት አፕ ያለበትን ስልኳን ትራስ ሥር ትታ ወደ ክሊኒኩ መሄድ ጀመረች፤ ፈረቃዋ ከሰዓት ነው። ሐኪሙ ግን ተቆጣት። ያለ ስልክ እንዳትንቀሳቀሺ፣ መንገድ ላይ ብትወድቂ ለማን ትደውያለሽ፣ አላት። ወደ ወንድሟ ሱቅ መጣች፤ መደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰች ባለቁልፍ ስልክ አየች። ያቺን ስጠኝ፣ መደወያ ብቻ ትሁነኝ፣ አለችው።

እዚህ ላይ እሺ ብሎ ቢሰጣት ኖሮ ታሪኩ ባለቀ ነበር። ግን ጋሽ ዝጋው ሳቀባት። እኔ እያለሁልሽ በዚህ በቆሻሻ ልትሄጂ? የምርመራ ውጤትሽን በፎቶ ቢልኩልሽ በምን ልታዪው ነው? የሃያ ዓመት ዕውቀቴ ለገዛ እህቴ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ሰውየው ስለ እህቱ ኩላሊት እያሰበ መሰለው፤ ያሰበው ስለ እጁ ሙያ ነበር።

«እትዬ፣ ዝም የሚል ስልክ እሠራልሻለሁ» አላት።

ሦስት ቀን ፈጀበት። ካገለገሉ ዕቃዎች ነጋዴ የገዛው የተበላሹ ስልኮች ካርቶን ነበረው፤ ከአንዱ ስክሪን፣ ከአንዱ ባትሪ፣ ከሌላው ሽፋን እየነቀለ ነው የሚሠራው፤ የጠጋኝ ወጉ ይኼው ነው። ቦርዱን ከየትኛው ልውሰድ እያለ ሲያገላብጥ ጀርባው ላይ ቢጫ መስመርና 214 የሚል ቁጥር የተለጠፈበት ስልክ እጁ ገባ። አወቀው። ያ የዕቃ አድራሹ ድርጅት ለመልእክተኞቹ የሚሰጠው ስልክ ነበር፤ ማን ያውቃል በየትኛው ጓሮ በር ወጥቶ ነጋዴው ጋ እንደደረሰ። ስክሪኑ ደቋል፣ ቦርዱ ግን አዲስ ነው። ጋሽ ዝጋው ብቻውን ሳቀ። አሠሪዎቿ ሠራተኛ ሊሰልሉበት የገዙትን ስልክ እሷ በቦርሳዋ ይዛ ክሊኒክ ስትመላለስበት ታየውና ልቡ በደስታ ሞላ። ሽፋኑን ከነቁጥሩ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረው። ቦርዱ ላይ የነበረውን ሲስተም ከሥሩ ደመሰሰና ባዶ፣ ንጹሕ ሲስተም ጫነ። ካሜራዎቹን በወረንጦ ነቀለ። የጣት አሻራ ማንበቢያውን ነቀለ። ሎኬሽን ተዘጋ፣ ብሉቱዝ ተዘጋ፣ የሚዘጋ ነገር ሁሉ ተዘጋ። ሲሙ እንኳ የእሷ አልነበረም፤ ከሟች አክስታቸው የቀረ ነው።

ሲያስረክባት ደረቱን ነፍቶ ነበር። «ይሄ ስልክ ዲዳ ነው፤ አንቺ ካልተናገርሽ እሱ አይናገርም።»

ሦስት ወር አለፈ። እትዬ ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኳን፣ ከሰዓት ጥቅሏን። ቀሪው ሰባት ወር ሆነ። ጋሽ ዝጋውም ስብከቱ ጨመረ። ማን እንደሆነች ሳይናገር፣ አንዲት ሰው አለች፣ በእኔ እጅ የተሠራ ስልክ ይዛ ከዓለም ሁሉ ተሰውራ ትሄዳለች፣ እያለ ለደንበኛ ሁሉ ያወራል። ሰው መቼም ሲኮራ ምላሱ አያርፍም። የፀጉር ቤቷ ባለቤት በግድግዳው በኩል ሰምታ ሰምታ ሰልችቷት ሬዲዮኗን ከፍ ታደርግበት ጀመር።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ እትዬ የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። ደረቷ ላይ የሚንጠለጠለው መታወቂያ የለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አሰናበቱኝ» አለች።

ከዚያ እንደቆመች ረጋ ብላ ነገረችው። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ቢሮ አስጠርቷት ነበር። ሰውየው የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሷ አዞረላት፣ የልጁን የምረቃ ፎቶ የሚያሳይ ይመስል ደስ ብሎት ነበር አለች። ካርታ ነው። ካርታው ላይ 214 የምትል ነጥብ አለች። ነጥቧ የምታድረው እትዬ ቤት ነው። ሐሙስ ጠዋት ትነሣለች፣ ኩላሊት ክሊኒክ ገብታ ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች፣ ከዚያ በቤት በኩል አድርጋ ድርጅቱ በር ላይ ትመጣለች። ይወገድ ተብሎ የተጻፈበት ስልክ ከሦስት ወር በፊት ተነሥቶ መሄድ ሲጀምር ጊዜ፣ የሌባ ዱካ መስሏቸው ነበር የተከተሉት። ሌባ ፍለጋ ወጥተው በሽተኛ አገኙ። አንድ ድንጋይ ወርውረው ሁለት ሰበብ አነሡ፤ በአንደኛው የድርጅት ንብረት ይዛ ተገኘች፣ በሁለተኛው ለሥራው ብቁ አይደለችም።

አሁን ወንድም ከሆነ እህቱን ደግፎ ያስቀምጣል፣ ውሃ ያቀርባል፣ እጇን ይይዛል። ጋሽ ዝጋው ግን መጀመሪያ የጠበቀው የስልኩን ክብር ነው። ሊሆን አይችልም፣ አለ። ሁለቴ ሦስቴ ሊሆን አይችልም አለ። ከዚያ ዓይኑን በጨው ታጥቦ እሷን ተጠያቂ አደረጋት።

«አንቺ ነሽ የሆነ ነገር የነካካሽው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ጫንሽበት?»

እትዬ ከመደወል ሌላ እንደማታውቅበት ነገረችውና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ስልኩን አልወሰደችም።

ሱቁን ከውስጥ ቆለፈው። አሮጌ ኮምፒውተር አለው፤ ስልክ ወደ ኢንተርኔት የሚልከውን እያንዳንዱን ነገር የሚያሳይ ፕሮግራም የተጫነበት። ሲሙን አወጣ። ስልኩን በኮምፒውተሩ በኩል ከመስመሩ ጋር አገናኘና እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ የእህቱን ስህተት ሊያይ። ስክሪኑ ባዶ ነው። አምስት ደቂቃ፣ ባዶ። አሥር ደቂቃ፣ ባዶ፤ ደስ ሊለው ጀመረ። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ አንድ መስመር ብቅ አለ። ከአሥራ አራት ደቂቃ በኋላ ሌላ። መልእክቱ ቁልፍ እንኳ አልተደረገበትም፤ የቦርዱ ቁጥር፣ ስልኩ ያለበት ቦታ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም በግልጽ ፊደል ተጽፏል። የትኛው አፕ ነው የላከው ብሎ ሲስተሙን ቢፈትሽ ሲስተሙ ምንም አያውቅም። የላከችው ከሳተላይት ቦታ የምታነበው ቺፕ ነበረች፤ ቦርዱ ላይ የተበየደች፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የምታንስ፣ የራሷ ፕሮግራም በሆዷ ያላት። ማንም ሲስተም ቢቀይር፣ ማንም ቢደመስስ፣ ማንም ሎኬሽን ቢዘጋ እሷን አይመለከታትም። ጋሽ ዝጋው ቤቱን ቀለም ቀብቶ፣ ቁልፉን ቀይሮ፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ሲያበቃ ሰሚው የተቀመጠው ግድግዳው ውስጥ ነበር።

የቺፗን ሠሪ ገጽ ፈልጎ አገኘ። ሁሉም ተጽፏል፤ ማንም አልደበቀውም። መረጃው የሚሰበሰበው «የአገልግሎቱን ጥራት ለማሻሻል» ነው ይላል፣ ደግሞ ብዙ ስልክ ያለው ድርጅት ከከፈለ ንብረቱን በካርታ ላይ ማየት ይችላል ይላል፣ ስልኩ ተደምስሶ ለሌላ ሰው ቢሸጥ እንኳ። ዓይን ያወጣ ነገር ነው። በሰው ቦርሳ ውስጥ ተሸጉጠው ይሰልላሉ፣ ስሙንም ጥራት ይሉታል። ግን ይህን ገጽ ያላነበበው ማን ነው? ሰው ውል አያነብም እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ሲሳለቅ የኖረው ሰውዬ ነዋ። ኮምፒውተሩም ፕሮግራሙም ሦስት ወር ሙሉ እግሩ ሥር ነበሩ፤ ፍተሻው ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ያላደረገው እርግጠኛ ስለነበረ ነው።

በማግስቱ ዘበኛው መጣ፤ በዚህ ወርም እንደ ልማዱ ስልኩን ጥሎታል። ጋሽ ዝጋው ዝም ብሎ ተቀበለው። ስብከት ሲቀርበት ዘበኛው ግራ ገባውና ዝምታውን ለመሙላት ወሬ ጀመረ። ትናንት ግቢያችን ውስጥ ጉድ ፈልቶ ነበር፣ አለ። አንዲት የረጋች፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያገለገለች ሴትዮ ተባረረች፤ አጅቤ እንዳስወጣት ታዝዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፣ አለ። ሴትየዋ የማን እህት እንደሆነች አያውቅም። ከየት ሊያውቅ? ጋሽ ዝጋው ስለ ራሱ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ኃላፊው የፈለገው እሷን አልነበረም፣ አለ ዘበኛው። የሚወገዱትን ስልኮች ከግቢ እያወጣ የሚሸጠውን ሰው ነው የፈለገው፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ስልኩን ማን እንደሰጣት ማወቅ ነበረበት። ወረቀት አቀረበላት፣ እስክሪብቶ አቀረበላት። የሰጠሽን ሰው ስም ብቻ ጻፊ አላት፣ አንዲት ስም፤ ሰባት ወርሽን ጨርሰሽ፣ ካርድሽን ይዘሽ፣ በክብር ትወጫለሽ፣ በሽታሽንም አላየሁም እላለሁ።

«ሦስት ጊዜ ጠየቃት» አለ ዘበኛው። «ሦስቴም መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት አለች። እስክሪብቶውን እንኳ አልነካችውም። ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው እንዲህ የተደበቀለት?»

የጋሽ ዝጋው ካቻቢቴ ከእጁ ወደቀ፤ ዘበኛው አንሥቶ ሰጠው። ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ፣ እስቲ የእኔንም እየው፣ እነሱ የሚያዩት ነገር አለበት ወይስ ንጹሕ ነው፣ አለው። ከስንት ዓመት በኋላ የጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

«አላውቅም» አለው ጋሽ ዝጋው።

ሱቁን ዘግቶ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። በሩ ክፍት ነው። እትዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሳምንቱን ኪኒን በቀን በቀን እየለየች ትንንሽ ኪስ ባለው ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ጥቅል ስትለይ እንደምታደርገው ሁሉ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈን ከፈት ታደርጋለች። በሩ ላይ እንደቆመ አሁኑኑ ሄዶ ስሙን እንደሚሰጣቸው ነገራት፤ ስልኩን የሠራሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ፣ ነጋዴውን እጠቁማቸዋለሁ፣ ይመልሱሻል። እሷ ቀና ሳትል መለሰችለት። ደብዳቤው ተፈርሞ ወጥቷል፤ ቦታዋም ትናንትናውኑ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አሁን ቢሄድ የሚያገኙት ሌባ ብቻ ነው፤ ሱቁን ይዘጉበታል እንጂ እሷን አይመልሷትም።

እንባው መጣ። ትልቅ ሰውዬ፣ በሯ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«እትዬ፣ ለምን ስሜን አልነገርሻቸውም?»

«ሱቅህ ውስጥ ለጥፈህ የለ እንዴ?» አለች። «ስምህን ለማንም አትስጥ ይላል። አልሰጠሁማ።»

የሣጥኑን ክዳን ገጠመች። ከዚያ ካርዱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል እንዳሏት ነገረችው፤ ሁለት ሐሙስ ይቀራታል ማለት ነው።

«ያቺን ባለቁልፏን ስልክ ግን ነገ አምጣልኝ» አለችው። «ያኔም እሷን ነበር የጠየቅኩህ።»